የመንጋጋ ችግኝ

የቡሬ ገበሬ በርበሬውን በመጀመሪያ በመደብ ላይ አፍልቶ፥ ችግኙ ሲጠና ወደ ማሳው ያዛውረዋል። የዘመኑ ሐኪሞችም የጠፋ የመንጋጋ አጥንት ለማብቀል የያዙት ዘዴ ይህንኑ ይመስላል።

ጥርስ ሲነቀል፥ ይዞት የነበረው አጥንት ቀስ በቀስ ይሳሳል። በኖርዌይ በበርገን የተመራና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ሙከራ አጥንታቸው እንዲህ በሳሳ 11 ሰዎች ላይ ተደረገ። ከዳሌያቸው መቅኔ ተቀድቶ፥ አጥንት የመሆን ችሎታ ያላቸው ስቴም ሴሎች በላቦራቶሪ እንዲራቡ ተደረገ፤ ከዚያም ከካልሲየም ፎስፌት ጥራጥሬ ጋር መንጋጋቸው ላይ ተተከሉ። ጥራጥሬው ጭቃን እንደሚይዝ ማገር ነው፤ አዲሱ አጥንት በእርሱ ላይ ያድጋል። ከወራት በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለመትከል የሚበቃ አጥንት ተገኘ።

ነገር ግን ይህ ገና ምርምር እንጂ በየሆስፒታሉ የሚገኝ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ ያለውን አጥንት መጠበቅ ይቀድማል። ኖማ የሚባለው ደዌ በምግብ እጦት የተጎዳን ሕፃን ከድድ ጀምሮ ጉንጩንና መንጋጋውን ይበላዋል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክ፥ አፍን በማጠብና በተሻለ ምግብ ይገታል። ለዕረፍት ወደ ግሽ ዓባይ ገጠር ስትሄድ የሕፃን ድድ ቆስሎና ሸትቶ ብታገኝ፥ «ይሻለዋል» ብለህ አትለፍ፤ ወላጆቹ ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ምከር።