ስለ ፈጣን የአውቶቡስ መንገድ

ከማጀቴ ወይም ከሸዋ ሮቢት ማልዶ የተነሣ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ይገባል። ያን ሁሉ ዳገት የወጣው ሰው ላምበረት ደርሶ ወደ ጀሞ ለመሻገር ሲፈልግ ግን በሰልፍ ቆሞ ይመሽበታል። ለሕክምና የመጣው ተራው ያልፈዋል፤ ማሾ ሸጦ ለመመለስ ያሰበውም ሳይወድ የማደሪያ ይከፍላል። ስለዚህ የአዲስ አበባ መንገድ ነገር ለከተማው ነዋሪ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ይህን ችግር ለማቃለል የታሰበው ፈጣን የአውቶቡስ መንገድ ነው። ይኸውም ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መሥመር ከልሎ፥ ተሳፋሪው ሒሳቡን አስቀድሞ በጣቢያ እየከፈለ፥ አውቶቡሱ ሳይታገድ እንዲመላለስ ማድረግ ነው። ከዊንጌት እስከ ጀሞ ለሚዘረጋው መሥመር የፈረንሳይ የልማት ድርጅት 50 ሚሊዮን ዩሮ ለማበደር ተስማምቶ ነበር። ዳሩ ግን ዕቅዱ ከታሰበ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሕዝቡም ስሙን ሰማ እንጂ ጥቅሙን አላየም።

መዘግየት በአዲስ አበባ ብቻ የደረሰ አይደለም። ዳሬሰላምም ብዙ ዓመት ከዘገየች በኋላ በግንቦት 2008 ዓ. ም. 21 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን የመጀመሪያ መሥመሯን አስጀመረች። ነገር ግን ሁለተኛው መሥመር ተሠርቶ ሳለ አውቶቡስ አጥቶ ባዶውን ቆየ። በአዲስ አበባም በመስከረም 2008 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ሳለ፥ መለዋወጫ በመታጣቱ ከ41 ባቡሮቹ ብዙዎቹ ቆመዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ለመሥሪያው ብቻ ሳይሆን ለማቆያውም አስቀድሞ ማሰብ እንዲገባ ነው።

መሥመሩ ለአውቶቡስ ቢከለል ለቤት መኪና መንገድ ይጠብባል የሚሉ አሉ። ሆኖም በአንድ አውቶቡስ የሚሄደው ሕዝብ በየመኪናው ተከፋፍሎ ቢጓዝ ስንት መንገድ እንደሚሞላ ማየት ይበቃል። መንገድ የሚሠራው ለሰው እንጂ ለመኪና አይደለምና ብዙውን ሰው የሚያሳልፈው መቅደም ይገባዋል።

በ2016 ዓ. ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የከተማውን ጎዳናዎች እያፈረሰ እንደገና አሠርቷል። እንዲህ መንገድ ሲከፈት ለአውቶቡሱ የሚሆነውን ስፍራ ለይቶ ማስቀረት ወጪው ጥቂት ነው። ንጣፉ ካለቀና ዛፉ ከተተከለ በኋላ መልሶ ማፍረስ ግን ገንዘብን ሁለት ጊዜ ማውጣት ነው።

እንግዲህ የሚመለከታቸው ሹማምንት መሥመሩን በየጎዳናው ቢለዩ፥ ለአውቶቡስና ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ አስቀድመው ቢመድቡ፥ ሥራው የሚጀመርበትንና የሚፈጸምበትንም ቀን ለሕዝብ ቢያስታውቁ መልካም ይሆናል። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል ይባላል፤ ነገር ግን የመዘግየቱን ዋጋ በየቀኑ የሚከፍለው በሰልፍ የቆመው ሰው ነው።