ዓሣው ከውኃው በላይ ነው የሚበላው ወይስ በታች?

በእንግሊዝ አገር በደቡብ በኩል፥ ሀምፕሻየር በሚባለው አውራጃ፥ ቴስትና ኢቸን የተባሉ ሁለት ወንዞች ይገኛሉ። የሚፈልቁት ጠመኔ ከመሰለ ነጭ ድንጋይ ሥር ስለ ሆነ ውኃቸው እንደ መስተዋት የጠራ ነው። ትራውት የተባለው ዓሣ በዚህ ጥሩ ውኃ ውስጥ ሆኖ አጥማጁን አስቀድሞ ያየዋልና በቀላሉ አይታለልም።

ዓሣው ከሚመገባቸው ነፍሳት አንዱ ሜይፍላይ ይባላል፤ እኛ «የአንድ ቀን ዝንብ» ብንለው አንባቢዎቻችን አይቀየሙንም። ዓይነቱ ብዙ ነው። ትልቁ በወንዙ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ዕጭ ሆኖ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይኖርና፥ በግንቦት ወር ወደ ውኃው ፊት ወጥቶ ቆዳውን በመግፈፍ ክንፉን ይዘረጋል። ክንፍ ካወጣ በኋላም ሁለተኛ ቆዳውን ይገፋል፤ ይህን የሚያደርግ ሌላ የነፍሳት ወገን ዛሬ የለም። ከዚያ ወዲያ አፉ ለመብላት አያገለግልምና ምንም ሳይቀምስ ይራባል፤ ሴቲቱም እንቍላልዋን በውኃው ላይ ጥላ ትሞታለች።

አጥማጁ በመንጠቆው ላይ ላባና የሐር ክር እየጠመጠመ ይህን ዝንብ የሚመስል ነገር ይሠራል። ነገር ግን የትኛውን ዕድሜውን ይምሰል? ጠቡ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ፍሬደሪክ ሃልፎርድ በ1886 እ.ኤ.አ. ስለ ተንሳፋፊ ዝንቦች አሠራር መጽሐፍ አሳተመ። ደረቅ የአውራ ዶሮ ላባ መንጠቆውን በውኃው ፊት ደግፎ ያቆመዋል። ተከታዮቹም ከዚህ ሌላ ማጥመጃ ለነዚህ ወንዞች አይገባም እስከ ማለት ደረሱ።

ጂ. ኢ. ኤም. ስኪውዝ የተባለው የሎንዶን ጠበቃ ግን ደንቡን ከማመኑ በፊት ዓሣውን መረመረ። መቅን በሚወጣበት ቀጭን ማንኪያ ከተያዘው ዓሣ ሆድ ውስጥ ያለውን አውጥቶ፥ ውኃ ባለበት ነጭ ሳሕን ላይ በተነው። ያየውም አብዛኛውን ጊዜ ክንፍ ያላወጡ ዕጮችን ነበር። ዓሣው ከላይ የሚበላ መስሎ ውኃውን ሲያናውጥ፥ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከውኃው ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ ኖሯል! ስለዚህ ቀጭን ገላና አጭር ላባ ያለው፥ ጥቂት የሚሰጥም መንጠቆ ሠራ፤ ሐሳቡንም በ1910 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ገለጸ።

ሃልፎርድ በ1914 እ.ኤ.አ. ቢሞትም ጠቡ አልሞተም። በ1938 እ.ኤ.አ. በሎንዶን በአጥማጆች ክበብ ስለዚሁ ጉዳይ ክርክር ተደረገ፤ ስኪውዝም በዚያው ዓመት፥ በ1883 እ.ኤ.አ. ማጥመድ የጀመረበትን የኢቸንን ዳርቻ ትቶ ሄደ። ዕድሜው ሰማንያ ዓመት ገደማ ነበር። እኛ፥ ከመዝገብና ከደንብ ጋር የምንውል ሰዎች፥ ይህን ስንጽፍ ሳሕኑን ይዞ የቆመው ሽማግሌ ከዓይናችን አልጠፋም። ዛሬ በነዚያ ወንዞች በብዙ ስፍራ፥ ከጁላይ ወር መግቢያ ጀምሮ፥ ዕጭ በሚመስል መንጠቆ ማጥመድ የተፈቀደ ነው።