ድንቹ ፖርትፎሊዮ ውስጥ የለም

እናቴ የባዮሎጂ መምህርት ናት። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ማታ እራት ተበልቶ ዕቃው ከታጠበ በኋላ መነጽሯን ታደርግና ሶፋው ጥግ ላይ ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። እኔ መጀመሪያ የዘመድ ወሬ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን «እማ፣ ከማን ጋር ነው በየማታው የምትጻጻፊው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ከመምህራን ጋር» አለችኝና ስልኩን አዞረችልኝ።

የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ከየክልሉ የተሰባሰቡ የባዮሎጂ መምህራን አሉበት። አብዛኞቹ በአካል ተገናኝተው አያውቁም። አንዱ የዓመት ዕቅድ ይለጥፋል፣ ሌላዋ ያወጣችውን ፈተና፣ ሦስተኛው «ይሄን ምዕራፍ በስንት ክፍለ ጊዜ ጨረሳችሁት?» ይላል። ቀልድ አለ፤ የበዓል እንኳን አደረሳችሁ አለ፤ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ነገረኛም አይጠፋም።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን የድንቹ ነገር ነው።

እናቴ ኦስሞሲስን ለተማሪዎቿ ለማሳየት ፈለገች። ቤተ ሙከራው ቁልፍ ነው፤ ቢከፈትም ውስጡ ይህ ነው የሚባል ዕቃ የለም። ስለዚህ ከኩሽናችን ድንች ወሰደች። ድንቹን መሀሉን ፈልፍላ ስኳር ጨመረችበትና ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ አስቀመጠችው። በማግስቱ የተፈለፈለው ጉድጓድ ውሃ ማቆር ነበረበት። አላቆረም። ልጆቹ ሳቁ፤ እሷም አፈረች። ማታ የድንቹን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈችና «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ጻፈች።

ብዙም ሳይቆይ አርባ ምንጭ አካባቢ የሚያስተምር አንድ ወጣት መለሰላት፤ «እህቴ፣ ውሃ ውስጥ የገባውን በኩል ልጠውታል?» አልላጠችም። የድንች ልጣጭ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍም። ሌላ መምህርት ደግሞ ጨመረችላት፤ «ጎን ለጎን አንድ የተቀቀለ ድንች አድርጊ። የተቀቀለው ሴሉ ስለሞተ እንደ ጥሬው አይሰራም። ልጆቹ ራሳቸው ለምን ብለው ይጠይቁሻል።» በሳምንቱ እናቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። ልጆቹ ጠይቀዋታል።

ሃያ ዓመት ያስተማረች ሴት በአንድ ማታ፣ ከማታውቃቸው ሁለት ሰዎች፣ ስለ ሙያዋ አዲስ ነገር ተማረች ማለት ነው። አበል የለም፣ አዳራሽ የለም፣ ባነር የለም፣ የሻይ እረፍት የለም። ወጪው የኢንተርኔት ፓኬጅ ብቻ ነው፤ እሱንም ከኪሷ ነው የምትገዛው።

እንግዲህ የእኔ ሙግት ይህ ነው፦ የአገራችን መምህራን እርስ በርስ የሚማማሩበት ትምህርት ቤት በስልካቸው ላይ ከፍተዋል፤ እኛ ግን ይህን እንደ ትምህርት አንቆጥረውም።

የተቆለፈው ቴሌቪዥን

«ቴክኖሎጂ ለመምህራን» ሲባል እናቴ ትስቃለች። ማስተማር የጀመረችው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ ፕላዝማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በገባ በዓመቱ። ላልደረሳችሁበት ላስታውሳችሁ። በ1997 ዓ.ም. መንግስት በሳተላይት የሚሰራጭ የቴሌቪዥን ትምህርት በየክፍሉ አስገባ። ዝግጅቱ የተሰራው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል፤ መካከሉን በሙሉ የያዘው ቴሌቪዥኑ ነው። ተማሪው ባይገባው «ቆይ፣ አንዴ ድገሚው» ሊላት አይችልም፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት አትሰማውም። መብራት ከጠፋ ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ሄደ።

ሀሳቡ ክፉ አልነበረም። የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ እኩል ደህና ትምህርት ያግኝ ነበር የተባለው። ችግሩ መምህሩን የቆጠሩት እንደ ቀዳዳ መሆኑ ነው፤ በመሳሪያ የሚደፈን ቀዳዳ። እናቴ ያንን ጊዜ ስታስታውስ «እኛ እኮ ሪሞት ያዥ ነበርን» ትላለች። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማው በብረት ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎ አቧራ ይጠጣ ነበር። ምን እንደሆነ የነገረን ሰው እንኳን አልነበረም።

ቴሌግራሙ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማንም ከላይ አልላከውም። ለእናቴ የጀመረው ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የተዘጉ ጊዜ ነው። ያኔ ለተማሪ የቤት ስራ ለመላክ ብላ ቴሌግራም አወረደች። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ስርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ በየትምህርት ቤቱ ሳይዳረስ ፒዲኤፉ ቀድሞ በስልክ ደረሰ። መምህራኑ ምዕራፉን በትንሽ ስክሪን እያጎሉ እያነበቡ «ይሄን እንዴት እናስተምረው?» ይባባሉ ጀመር። ግሩፑ የተወለደው ከችግር ነው ለማለት ነው። ከችግር የተወለደ ነገር ደግሞ ሪባን ስለተቆረጠለት ብቻ ስራ እንደሚጀምር ፕሮጀክት አይደለም፤ ካልጠቀመ ሰው ጥሎት ይሄዳል።

ስድሳ ሰዓትና ማህተም

«መምህራን የሚሻሻሉበት መንገድ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ። ስሙ ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ነው፤ መምህራን ባጭሩ ተሙማ ይሉታል። በመመሪያው መሰረት አንድ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ለዚህ ማዋል አለበት። ወረቀት ላይ ሲነበብ ግሩም ነው፦ እርስ በርስ ክፍል ገብቶ መተያየት፣ የልምድ ልውውጥ፣ ተግባራዊ ምርምር፣ በጉድኝት ማዕከል መወያየት። ድንቹ ላይ የሆነው ነገር በትክክል ይኸው ነው።

ታዲያ የእናቴን ፖርትፎሊዮ ገልጬ አየሁት። ሁለት ወፍራም ፋይል ነው። ዕቅድ አለ፣ ቃለ ጉባዔ አለ፣ ፊርማ አለ፣ ማህተም አለ። የድንቹ ታሪክ የለም። «እማ፣ ይሄን ለምን አላስገባሽውም?» ስላት እንደ ሞኝ አየችኝ። «ማን ይፈርምልኛል?»

ነገሩ ከፊርማም ያልፋል። እናቴ ግሩፑ ላይ «አልሰራልኝም» ብላ ጽፋለች። ይህንን ዓረፍተ ነገር በስብሰባ ላይ ትናገረዋለች? በጭራሽ። ስብሰባው ላይ የሚቀመጠው አለቃ ነገ የስራ አፈጻጸም የሚሞላላት ሰው ነው። ከጀማሪ መምህር እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ያለው የዕድገት መሰላል በዚያ ነጥብ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ሁሉም «በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል» ብሎ ይጽፋል። ያልተሳካለት የሌለበት ቦታ ላይ ደግሞ የሚማር አይኖርም። መማር የሚጀምረው «አልገባኝም» ማለት የሚቻልበት ቦታ ላይ ነው። ለልጆቻችን የምንነግረው ይህንኑ አይደል?

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ሚኒስቴር የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ አሰልጥኗል። ይህ ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን የክረምት ስልጠና በክረምት ያልቃል። ጥያቄው የሚመጣው ህዳር ላይ ነው፤ ማክሰኞ፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ድንቹ እምቢ ሲል። ህዳር ላይ አጠገቧ ያለው ስልኳ ነው።

«ግሩፑ ሁሉ ወርቅ ነው ወይ?»

አይደለም። ላጋንን አልፈልግም።

የተሳሳተ መልስ በልበ ሙሉነት የሚለጥፍ መምህር አለ፤ የሚያርመው ካልተገኘ ስህተቱ በአንድ ማታ ብዙ ትምህርት ቤት ይደርሳል። ስም ብቻ ተቀይሮ የሚገባ የትምህርት ዕቅድ ይዞራል። አልፎ ተርፎ ያለቀለት ተግባራዊ ምርምር የሚሸጥ አለ። ማህተም ብቻ የሚፈልግ ስርዓት ማህተም ብቻ የሚፈልግ ሰው ይፈጥራል፤ ቴሌግራም ይህንንም አፍጥኖታል።

የፈተናው ነገርም አለ። በ2008 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ በማህበራዊ ሚዲያ ተበትኖ ፈተናው መሰረዙን እናስታውሳለን። ያው መንገድ ነው፤ ድንቹንም ፈተናውንም ያደርሳል።

ሌላው ክርክር ከበድ ይላል። በ2014 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4። «መምህራኑ ይህን ያህል እየተማማሩ ከሆነ ውጤቱ የታለ?» ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ቴሌግራም ደመወዝ አይሆንም፣ ቤተ ሙከራ አይሆንም፣ መጽሐፍ አይሆንም። ኑሮ ከብዶት ከሰዓት ሌላ ስራ የሚሮጥ መምህርን ማንም ግሩፕ አያድነውም። እኔ የምለው ይህ ሁሉ ጎድሎ እንኳን በራሳቸው ወጪ የሚማሩ መምህራን አሉን፤ ቢያንስ እንቅፋት አንሁንባቸው ነው።

እንቅፋቱ

እንቅፋት የምለው የትኛውን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገደቡ፤ የተለቀቁት ክረምት ከገባ በኋላ ነው። አምስት ወር ገደማ ማለት ነው። የአዲሱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ዓመት ነበር። እናቴ ቪፒኤን የሚባል ነገር ከእኔ ተማረች፤ ዕድለኛ ናት፣ ልጇ ቤት ውስጥ ነበረች። ያልቻሉት ከግሩፑ ጠፉ።

ይህ ደግሞ የአዲስ አበባ ችግር ነው፤ ቀላሉ። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ነበር። አማራ ክልል ውስጥ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረም። ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ በየመድረኩ እየተናገርን መምህሩን ከመምህር ስንቆርጥ ምን እየቆረጥን እንደሆነ የገባን አይመስለኝም። ኔትወርክ ሲዘጋ ዜናው ስለ ፖለቲካና ስለ ንግድ ያወራል። «ምን አጥፍቼ ነው?» ብላ ጽፋ መልስ ሳታገኝ ስለቀረች መምህርት የሚያወራ የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ከጠቢባን ተርታ አይደለሁም፤ የመምህርት ልጅ ነኝ። ሦስት ነገር ግን እላለሁ።

አንደኛ፣ ይቆጠር። ስድሳው ሰዓት ውስጥ ይግባ። ነገር ግን በጥንቃቄ! ሱፐርቫይዘሩ ግሩፑ ውስጥ ገብቶ ማን ስንት ጊዜ ጻፈ ብሎ መቁጠር የጀመረ ዕለት ግሩፑ ይሞታል፤ በማግስቱ ሁሉም «በተሳካ ሁኔታ ተከናውኗል» ብሎ ይለጥፋል። መቆጠር ያለበት ክፍል ውስጥ የሆነው ነው። መምህርቷ አንድ ገጽ ትጻፍ፦ ምን ሞከርኩ፣ ምን አልሰራም፣ ከማን ምን ተማርኩ፣ በድጋሚ ስሞክረው ምን ሆነ። «አልሰራም» የሚለው መስመር ነጥብ የሚያሰጥ እንጂ የሚያስቀንስ አይሁን።

ሁለተኛ፣ ወጪውን መንግስት ይጋራ። ለመምህራን አዲስ አፕ ሰርታችሁ፣ አስመርቃችሁ፣ በዓመቱ የይለፍ ቃሉ የሚረሳበት ፕላትፎርም አታምጡብን። መምህራን ያሉበትን ቦታ መርጠዋል። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሚሰራ ዋይፋይ ይኑር፣ ወይ በቅናሽ የሚሸጥ ፓኬጅ። እናቴ ግሩፑ ላይ የሚለጠፍ ቪዲዮ አትከፍትም፤ ፓኬጅ ይበላባታል። ቤተ ሙከራ ለሌለው መምህር የሙከራ ቪዲዮ ማየት ቅንጦት መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፣ አይዘጋ። ፈተና የሚጠበቅበት መንገድ አገር ሙሉ ኔትወርክ መዝጋት ሊሆን አይገባም። ፈተናውን ጠብቁ፤ መምህሩን ተዉት።

ለእኛ ለወጣቶቹም አንድ ነገር ልበል። ያስተማረህ መምህር ስልክ ቁጥር አለህ አይደል? ለበዓል ካርድ እንደምትልከው ለመምህርህ ፓኬጅ ላክለት። ፋይል ማውረድ ያስቸገራት መምህርት ሰፈርሽ ውስጥ ካለች ግማሽ ሰዓት ተቀመጪላት። ቲክቶክ ላይ ለምናቃጥለው ዳታ ይህ ምንም አይደለም።

ሰሞኑን እናቴ የዘንድሮውን ፖርትፎሊዮ በኮምፒውተር እንድጽፍላት ሰጠችኝ። እኔም ሳልነግራት ስለ ድንቹ አንድ ገጽ ጨመርኩበት፦ እንዴት እንዳልሰራ፣ ማን እንደመለሰላት፣ ሁለተኛው ላይ ምን እንደታየ። አንብባ ስትጨርስ ትንሽ ዝም አለችና «ጥሩ ነው፤ ግን አውጪው፣ ጣጣ ያመጣብኛል» አለችኝ።

አወጣሁት። ስለ ሙያዋ በዚያ ዓመት ከተማረችው ሁሉ የተሻለው ገጽ አሁን ያለው እኔ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሚፈርምበት ሰው እስኪገኝ እዚያው ይቆያል።