የቀለም መርጫ ከመሸጡ በፊት ሊጠየቅ ስለሚገባው ጉዳይ

የባጃጅ መከላከያ፣ የሞተር ብስክሌት ታንክ ወይም የተጫረ የመኪና መስተዋት ሽፋን ለመቀባት የሚፈልግ ሠራተኛ ወደ መደብር ሄዶ የቀለም መርጫ፣ በጋራዦች አጠራር ስፕሬይ ገን፣ በጠየቀ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት ሙሉ መኪና ለመቀባት የተሠራው ትልቁ ዐይነት ነው። ገዢውም ትልቁ ከትንሹ ይሻላል ብሎ ይወስደዋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ቀለሙ ይፈሳል፣ ግማሹም በነፋስ ይሄዳል በማለት ተቈጥቶ ይመለሳል። ዕቃው ያለ ጥፋቱ ይሰደባል፤ ጥፋቱ የምርጫው ነው።

ለጥቃቅን ሥራ የሚስማማው የአፍንጫው ቀዳዳ ከ0.8 እስከ 1.0 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። 1.3 እና 1.4 ለሙሉ መኪና ቀለምና ቨርኒሽ ሲሆን፣ ከ1.7 በላይ ያለው ለወፍራም ፕራይመር ነው። የቀለሙ ጽዋ ከላይ የተቀመጠበት ዐይነት ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ እስከ መጨረሻው ጠብታ ይሠራል፤ ጽዋው ከታች የሆነው ግን በመምጠጫው ቧንቧ ሥር ቀለም ያስቀራል። ማጠንከሪያ የተቀላቀለበት ቀለም ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። ስለዚህ ለአንድ መስተዋት ሽፋን 125 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ጽዋ ይበቃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የኮምፕሬሰሩ ነገር ነው፤ የሚያሳዝነውም ይህን የሚጠይቅ ባለሱቅ ጥቂት መሆኑ ነው። ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚረጨውና ኤች ቪ ኤል ፒ የሚባለው ዐይነት፣ በአፍንጫው ዘንድ ግፊቱ ከ0.7 ባር ስለማይበልጥ ቀለም በመቈጠብ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ትልቁ በደቂቃ ከ300 ሊትር በላይ አየር ይፈጃል። ባለ 2 ፈረስ ጕልበት ኮምፕሬሰር በላዩ 200 ሊትር ገደማ ቢጻፍበትም፣ ይህ የሚስበው እንጂ የሚሰጠው አይደለም፤ የሚሰጠው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2,400 ሜትር ገደማ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ኮምፕሬሰሩ የሚውጠው አየር በክብደት ሩብ ያህል ይጐድላል። በባሕር ጠረፍ አገር በቂ የሆነው መሣሪያ እዚህ ሲደርስ ይደክማል ማለት ነው። ትንሹ መርጫ ግን የሚፈጀው አየር ከትልቁ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ከአነስተኛ ኮምፕሬሰር ጋር ይስማማል።

አስመጪዎችም የሚመለከታቸው አለ። ከሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ያለ መለዋወጫ የመጣ ካርቶን ሙሉ መርጫ ውድ የሆነ ቍርጥራጭ ብረት ነው። መርፌው፣ አፍንጫውና የአየር ቆቡ አንዱ ለሌላው ተለክተው የተሠሩ ስለሆኑ በአንድነት ይለወጣሉ፤ እነርሱንና ጐማዎቻቸውን አብሮ ማዘዝ ይገባል። የአየር መግቢያውን ክር መመልከትም አይረሳ። በአሜሪካና በአውሮፓ ልክ የተሠሩት ሩብ ኢንች ክሮች በዐይን ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የአንዱ በኢንች 18፣ የሌላው 19 ጥርስ ስላለው በግድ ቢጠብቁ አየር ያፈስሳሉ።

ማጠንከሪያ የሚሸጥ ባለሱቅ የአቧራ ጨርቅ ጭንብል አብሮ ሰጥቶ ደንበኛውን ቢያሰናብት ትልቅ በደል ይፈጽማል፤ በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት አስም ያመጣልና፣ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያቀብል መሸፈኛ ያስፈልጋል።

ገዢው ከመሄዱ በፊት በጽዋው ውኃ ተጨምሮ በካርቶን ላይ ይረጭ። የሚታየው ቅርጽ ሞላላና እኩል ሊሆን ይገባዋል። ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደ ሆነ ቆቡ ግማሽ ዙር ይዙር፤ ዝንባሌው አብሮት ከዞረ ጕድለቱ የቆቡ ነው፣ ባለበት ከቀረ የአፍንጫው ነው። ሙከራው ካለቀ በኋላ ውኃው በሚገባ ተራግፎ በቲነር መታጠብ አለበት።