የቃዲ ወንበርና የሕዝብ አማና

ረመዳን በገባ ቁጥር በአሰላና በአርሲ ደጋ መስጊዶች ወደ ዑለሞች የሚመጣው ጉዳይ ይበዛል። የተኳረፉ ባልና ሚስት ይመጣሉ፤ ውርስ ያለያያቸው ወንድማማቾች ይመጣሉ። እኛም ይህ አመኔታ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚጠፋም ልናስብበት ይገባናል።

ቀድሞ የሸኽ ክብር በማኅተም የሚሰጥ አልነበረም። ደረሳ ያስቀራል፣ ኒካህ ያስራል፣ ከአገር ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ ያስታርቃል፤ ወንበሩም ከሕዝቡ ነበር።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ባወጣው የአስተዳደር ሕግ ሙስሊሞች መስጊድና ቁርኣን ቤት እንዲሠሩ፣ ክርክራቸውም በቃዲ እንዲታይ ፈቀደ። ለተገፋ ማኅበረሰብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረምና በደስታ የተቀበሉትን አንወቅስም። ሰጪውን ግን እናስተውል። በ1924 ዓ.ም. በሊቢያ የቁርኣን መምህሩ ዑመር አል-ሙኽታር ሲሰቀሉ የዘመቻው አዛዥ ግራዚያኒ ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የንጹሐን ደም ሲፈስም እንደራሴው እሱ ነበር። በቀጣዩ ወር ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ ‹‹የእስልምና ሰይፍ›› የተባለውን ጎራዴ አንስቶ ራሱን የሙስሊሞች ጠባቂ አደረገ። ለዲኑ አስቦ አልነበረም፤ አገሬውን ከፋፍሎ ለመግዛት ዓሊሙን መሰላል ሊያደርገው ፈልጎ ነው።

ጠላት ሲወጣ የቃዲ ሹመት አብሮ አልወጣም። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጋብቻን፣ ፍቺንና ውርስን ለቃዲና ለናኢባ ምክር ቤቶች ሰጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ደግሞ የተከራካሪዎችን ፈቃድ መሠረት አደረገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በዚሁ መንገድ አጠናከረ። በ2012 ዓ.ም. ጠቅላይ ምክር ቤታችን በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

ይህ የመብት እንጂ የገዢ ችሮታ አይደለም። ሆኖም ፈተናው አልቀረም። ሹመትን የለመደ ዓሊም ዓይኑ ከሕዝቡ ወደ ሿሚው ሊዞር ይችላል። ፈቃድም በወረቀት ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አንዲት እህት በዘመዶቿ ጫና ‹‹በሸሪዓ ይታይልኝ›› ብላ ብትፈርም፣ ሕጉ የጠየቀው ፈቃድ የት አለ? በዚያ መንገድ የተገኘ ፍርድ ዲኑን ያስወቅሳል እንጂ አያስከብርም።

ስለዚህ በዚህ በተከበረ ወር ኢማሞችና ቃዲዎች ሁለት ነገር እንጠብቅ። ሚንበራችን የማንም ፖለቲካ መሰላል አይሁን። ወደ እኛ የመጣ ሰው፣ በተለይ ደካማው፣ ወዶ መምጣቱን ለብቻው ጠርተን እንጠይቀው። ካልወደደ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ መሆኑን እንንገረው። ሹመት ከመንግሥት ይገኛል፤ አማና ግን ከአላህና ከሕዝቡ ነው። ወላሁ አዕለም።