ሪአክተር ገብተህ ታውቃለህ?

ጂሚ ካርተር በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በመቶ ዓመታቸው ሲያርፉ አንድ ታሪክ በየስልካችን ዞሮ ነበር። ሰውየው ገና የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን። ካናዳ ውስጥ አንድ የኒውክሌር ሪአክተር ሊፈነዳ ሲል ዘሎ ገባ፣ በገዛ እጁ ጠገነው፣ የአንድ ከተማ ሕዝብ አተረፈ። ኋላም ፕሬዚዳንት ሆነ። ከሥሩ ያው የተለመደው አለ፦ «መሪ ማለት እንዲህ ነው!»

ታሪኩ እንደገና የመጣብኝ ኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ልትገነባ ነው በተባለ ሰሞን ነው። ጓደኛሞች በምንጻጻፍበት ግሩፕ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ጣልኩ። ያገለገለው ነዳጅ የት ይቀመጣል? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትስ «ይቁም» ብሎ የማስቆም አቅም ይኖረዋል ወይ? ለሁለቱም መልስ አላገኘሁም። ያገኘሁት የካርተርን ታሪክ ነው፣ ከነፎቶው። ቀጥሎ አንዲት መስመር መጣች፦ «አንተ ሪአክተር ገብተህ ታውቃለህ?»

አልገባሁም። የምገባም አይመስለኝም። ግን ይህቺ ነገር የጥያቄ ምልክት ስላላት ብቻ ጥያቄ አትባልም፤ አፍ ማስያዣ ናት። ዛሬ ልሟገት የተነሳሁት ከእሷ ጋር ነው። ምስክር አድርጌ የምጠራውም ራሳቸው ያመጡብኝን ሰውዬ ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን እናቃና። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ቾክ ሪቨር በተባለ የምርምር ማዕከል፣ ኤን አር ኤክስ የሚባል ሪአክተር አደጋ ደረሰበት። ነዳጁ ተጎዳ፣ የሕንፃው ምድር ቤት በሚሊዮን በሚቆጠር ሊትር ጨረር ያለበት ውሃ ተጥለቀለቀ። ካርተር ከሃያ በላይ ሰዎች መርተው ሲደርሱ አደጋው አልፏል። የቀረው ማጽዳትና የተበላሸውን ሪአክተር መፍታት ነበር። ሥራውን የሠሩት ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ካናዳውያን ሠራተኞችና ወታደሮች፣ ከእነሱም ጋር አሜሪካኖቹ። ካርተር ከብዙዎቹ አንዱ ነበሩ።

እንዴት ሠሩት? እዚያው አጠገብ ባለ የቴኒስ ሜዳ ላይ የሪአክተሩን አምሳያ ሠሩ። ሦስት ሦስት እየሆኑ አምሳያው ላይ ተለማመዱ፤ የትኛው ብሎን በየትኛው መፍቻ፣ በስንት ሰከንድ። ከዚያ ወደ እውነተኛው ይገባሉ። የተሰጣቸው ጊዜ 90 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ውስጥ አንድ ብሎን በተፈታ ቁጥር ሜዳው ላይ ያለው አምሳያም ላይ ያው ብሎን ይፈታል፤ ተረኞቹ የሚጠብቃቸውን አይተው እንዲገቡ። ካርተር ራሳቸው ኋላ እንደተናገሩት ለስድስት ወር ያህል ሽንታቸው ውስጥ ጨረር ይገኝ ነበር።

እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጀግንነት የለም አላልኩም። አለ እንጂ! ግን ፎቶው ላይ የሌለ ጀግንነት ነው። «ከዚህ በላይ አትቆዩም» ብሎ 90 ሰከንዷን የወሰነ ሰው አለ። መኮንንም ይሁን ተራ ወታደር፣ ደፋርም ይሁን ፈሪ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ይወጣል። «እኔ እኮ አውቀዋለሁ፣ ትንሽ ልቆይ» አይሠራም። ታሪኩን ወደ አንድ ሰው ጀብዱ ስናሳጥረው የምንጥለው ይህንኑ ነው፤ ልምምዱን፣ ገደቡን፣ ገደቡን የሚያስከብረውን ሰው።

ማሳጠሩን ደግሞ እኛ አልጀመርነውም። ካርተር ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1976 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ራሳቸውን የኦቾሎኒ ገበሬና የኒውክሌር ፊዚሲስት እያሉ ያስተዋውቁ ነበር። ገበሬነቱ ልክ ነው። ፊዚሲስትነቱ ግን ተለጥጧል። በአድሚራል ሪኮቨር የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ፕሮግራም ውስጥ ሠርተዋል፣ የተወሰነ ትምህርትም ተከታትለዋል። በ1953 አባታቸው ሲሞቱ ግን ከባሕር ኃይሉ ለቀው ወደ ጆርጂያ ተመለሱ፤ ስለዚህ በኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ላይ ሳያገለግሉ ቀሩ። ደግ ሰው ነበሩ፣ በዘመናቸው ካየናቸው መሪዎች ከሚከበሩት ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ግን የደንብ ልብሱ ድምፅ እንደሚያመጣ አልጠፋቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «አዋቂው ተናግሯል፣ ክርክሩ አበቃ» የሚሉ ሰዎች አንድ ነገር ይመልሱልኝ፤ አዋቂው የተናገረው ምንድን ነው? ካርተር በኤፕሪል 1977 ያገለገለ ነዳጅን መልሶ በማጣራት ፕሉቶኒየም አውጥቶ ለንግድ የመጠቀሙን ሥራ አሜሪካ ላልተወሰነ ጊዜ እንድታቆም አደረጉ። ፕሉቶኒየም ለቦምብም ይሆናላ! በዚያው ዘመን ፈረንሳዮች ላ ሃግ ላይ ያንኑ ሥራ ቀጠሉበት፤ እስከ ዛሬም ይሠሩታል። ፈረንሳይ አዋቂ አጥታ ነው? አሜሪካስ? ሁለቱም ፊዚክሱን ያውቃሉ። የተለያዩት ፊዚክሱ ላይ ሳይሆን የትኛውን አደጋ እንሸከም በሚለው ላይ ነው። ይህን ደግሞ ሪአክተር የገባም ያልገባም እኩል የሚጠየቀው ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም አደጋውን የሚሸከመው ሁሉም ነው።

ከዚህ የባሰውን ልጨምር። በማርች 28 ቀን 1979፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው ማመንጫ ሁለተኛው ሪአክተር ላይ ውሃ የሚገፉ ፓምፖች ቆሙ። ግፊት ሲጨምር እንዲያስተነፍስ የተሠራው ቫልቭ ተከፈተ፣ ግን መልሶ አልተዘጋም። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ያለችው መብራት ደግሞ የምታሳየው «ተዘጋ» የሚል ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ነበር። ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አታሳይም። ውሃው እየፈሰሰ፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ተዘግቷል ብለው አመኑ።

እነዚያ ሰዎች እነማን ነበሩ? የባሕር ኃይል ምሩቃን። የካርተር ትምህርት ቤት ልጆች በሉት። በትንንሾቹ የሰርጓጅ መርከብ ሪአክተሮች ላይ የተማሩት አንድ ትልቅ ሕግ ነበር፦ የግፊት መቆጣጠሪያው ታንክ በውሃ ጢም ብሎ እንዳይሞላ ተጠንቀቅ። ያን ሌሊት ጠቋሚው ታንኩ እየሞላ መሆኑን አሳያቸው። እነሱም እንደተማሩት አደረጉ፤ የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ውሃ ቀነሱት። ታንኩ የሞላ የመሰለው ግን ውሃና እንፋሎቱ በተከፈተው ቫልቭ ለመውጣት ወደ ላይ ስለሚገፋ ነበር፤ ሪአክተሩ ውስጥ ያለው ውሃ እየጎደለ ነው። ከነዳጁ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ልብ በሉልኝ፤ ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ሪአክተር ገብተው ያውቃሉ። ያሳሳታቸው ያ የሚያውቁት ነገር ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ በተባለ ማመንጫ ያው ዓይነት ቫልቭ ተከፍቶ ቀርቶ፣ ያው ዓይነት ስህተት ተሠርቶ፣ በጊዜ ተደርሶበት ነበር። የሪአክተሩ አምራች ኩባንያ ውስጥ ያለ መሐንዲስ ይህ ነገር ሊደገም ይችላል ብሎ ጽፎ አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው ወደ ሌሎቹ ማመንጫዎች ሳይደርስ ቀረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

አራት ቀን ቆይቶ፣ ኤፕሪል 1፣ ካርተር ከባለቤታቸው ጋር ቢጫ የፕላስቲክ ጫማ አጥልቀው መቆጣጠሪያ ክፍሉን ጎበኙ። ያ ፎቶ ዛሬም ይዞራል። የተደናገጠውን ሕዝብ አረጋግቷል፣ አልክድም፤ ከአካባቢው ወደ 140 ሺህ ሰው ሸሽቶ ነበር። ግን ፕሬዚዳንት ጫማ ስላጠለቀ የጨረር መጠን አይቀንስም።

እኔ ካርተርን የማደንቅላቸው ከፎቶው በኋላ ባደረጉት ነው። አሥራ ሁለት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ። ሰብሳቢው ጆን ኬሜኒ የኒውክሌር ኢንዱስትሪ ሰው አይደሉም፤ የሒሳብ ሊቅና የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ናቸው። ከአባላቱ አንዷ ደግሞ ከማመንጫው አጠገብ ካለችው ከሚድልታውን ከተማ የመጣች ተራ ነዋሪ ነበረች። ሪአክተር ገብታ አታውቅም! ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሪፖርቱን ሲያወጣ ዋናው ችግር ከመሣሪያው ይልቅ የሰዎቹና የተቋማቱ መሆኑን ገለጠ፤ «በቂ ደኅንነት አለን» የሚለው እምነት ሥር ሰዶ ማንም የማይጠይቀው ሆኖ ነበር። በኒውክሌር የሚያውቁትን ሁሉ በባሕር ኃይል የተማሩት ሰውዬ «እኔ አውቃለሁ፣ ዝም በሉ» ማለት ይችሉ ነበር። ጥያቄውን ለማያውቅ ሰው ከፈቱት።

የሚያላግጡትንም ወገኖች አልምራቸውም። «መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት አገር ኒውክሌር!» ብሎ የቼርኖቤልን ፎቶ መለጠፍ ያው አፍ ማስያዣ ነው፣ በሌላ በኩል የመጣ። በስሪ ማይል አይላንድ ዙሪያ ላለው ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በአማካይ የደረሰው ጨረር ለደረት ራጅ ከሚነሳው ያነሰ እንደነበር የአሜሪካው ተቆጣጣሪ አካል አስልቷል። ኒውክሌር ጭራቅ አይደለም። ኃይሉን በአብዛኛው ከወንዝ ለሚያገኝ፣ ዝናብ በቀረ ቁጥር ለሚሳቀቅ፣ ግማሽ ያህል ሕዝቡ ገና መብራት ላላገኘ አገር ይታሰብ ቢባል ስድብ አይደለም። ምናልባት ተጠይቆ ተመርምሮ «ይሁን» የምለው ነገር ሊሆን ይችላል።

ግን ይጠየቅ! ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ የኒውክሌር ማመንጫው ዕቅድ ተነገረ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። ግድቡን ከመቀነታችን ፈትተን የሠራነው ስለሆነ እያንዳንዱን ተርባይን እንደ ልጃችን ስም እናውቃለን። ይኼኛውስ? ግብፅ ኤል ዳባ ላይ የምታስገነባው 4,800 ሜጋ ዋት ማመንጫ የሩሲያ ብድር 25 ቢሊዮን ዶላር ነው። የእኛ በምን ይከፈላል? ያገለገለውን ነዳጅ ሻጩ መልሶ ይወስዳል ወይስ እኛ ጋ ይቀራል? ለማቀዝቀዣው የትኛው ውሃ? ተቆጣጣሪው ለማን ነው ተጠሪነቱ?

«መሪዎቻችን ያውቃሉ» ይሉኛል። የእኛም ጠቅላይ ሚኒስትር ከሠራዊቱ የመጡ ናቸው፣ እስከ ሌተና ኮሎኔልነት ደርሰዋል። ያገለገለን ሰው ማክበር ደግ ነው፤ የማንንም ውለታ አላጣጥልም። ግን የወታደር ቤት ዋናው ትምህርት ትእዛዝ መቀበል ከሆነ፣ የሪአክተር ቤት ዋናው ትምህርት ትእዛዙ መፈጸሙን በዓይን ማረጋገጥ ነው። ያቺ መብራት ያስተማረችው እሱን ነው።

ደቡብ አፍሪካን እዩ። ጃኮብ ዙማም የትጥቅ ትግል ሰው ነበሩ፤ ፕሬዚዳንት ሆነው ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ስምምነት ገቡ። የአካባቢ ጥበቃ ድርጅትና የሃይማኖት ተቋማት ኅብረት «ሕዝቡም ፓርላማውም በቅጡ ሳይጠየቅ?» ብለው ከሰሱ። በኤፕሪል 2017 የዌስተርን ኬፕ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስምምነቱን ሕገ ወጥ ብሎ ሻረው። አገሪቱ ግን ፀረ ኒውክሌር አልሆነችም፤ ኬፕታውን አጠገብ ያለው የኩበርግ ማመንጫ ሥራውን ቀጥሏል። የተከለከለው ሳይጠይቁ መፈረም ብቻ ነው።

እና ወዳጄ፣ ሪአክተር ገብቼ አላውቅም። አንተም አልገባህም። ከገነባነው ግን ሁለታችንም፣ ልጆቻችንም አጠገቡ እንኖራለን፣ ብድሩንም አብረን እንከፍላለን። ጥያቄዎቼ ግሩፑ ውስጥ አሉ። ከካርተር ፎቶ ትንሽ ከፍ ብትል ታገኛቸዋለህ።