ያልተስማማንበትን ሕዝበ ውሳኔ ማክበር፦ ከከሚሴ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ሆኖ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አልፎ ከሚሴ የሚገባው መንገድ ኮምቦልቻ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ሌላው በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ወርዶ በቡሬ አድርጎ አሰብ ይገባ ነበር። ከሚሴም ባቲም በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ውስጥ ያሉ ከተሞች ናቸው። ወደ ባሕር የሚወርደውና ከባሕር የሚወጣው ጭነት በደጃቸው ያልፍ በነበረበት ዘመን የአሰብ ስም ለሁለቱም ከተሞች እንግዳ አልነበረም። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ግን የኢትዮጵያ ጭነት ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዙሯል።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ከተናገሩ በኋላ አሮጌው ጥያቄ እንደ አዲስ ተነሥቷል። የሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ለእኛ ምንድን ነው? በዚህ ጉዳይ ምእመናንም እንደ ሌላው ሕዝብ ተለያይተዋል። አንዱ ወገን ነገሩ ያለቀና የተዘጋ ነው ይላል። ሌላው እኛ ያልተጠየቅንበት ውሳኔ አያስረንም ብሎ ይሟገታል። በመካከል ያለው ደግሞ የኤርትራን ነጻነት ይቀበልና አሰብን ለይቶ ያነሣል። ክርክሩ በሰላም ቢያልቅ በዚህ ገጽ ላይ ባልተነሣም ነበር። ነገር ግን የጦር ወሬ ተከትሎታል፤ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ በመንገድ ዳር ያለው ሰው ቀድሞ እንደሚከፍል የከሚሴና የአካባቢዋ ሰዎች ሊነገራቸው አያስፈልግም።

በቅድሚያ የሆነውን እናስታውስ። በ1985 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 10 ቀን ውሎ ነበር። ድምፅ የተሰጠው ሚያዝያ 15፣ 16 እና 17 ነው፤ የመጨረሻው ዕለት ዳግም ትንሣኤ ነበር። የቀረበው ጥያቄ አንድ ሲሆን መልሱም «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው፤ የፌዴሬሽን አማራጭ በካርዱ ላይ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ባሉበት ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው «አዎ» አለ፤ «አይደለም» ያለው 1,822 ሰው ብቻ ነው። ግንቦት 16 ቀን ኤርትራ ነጻነቷን ዐወጀች፤ የኢትዮጵያ የሽግግር መንግሥትም ተቀበለ።

ተቃዋሚዎች የሚያቀርቡት ወቀሳ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የቀረው የኢትዮጵያ ሕዝብ አልተጠየቀም። ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ በነበሩበት ወቅት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሟቸውን ለማሰማት ሲወጡ ተተኮሰባቸው፤ ሕይወትም ጠፋ። በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር ዐሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። ኀዘኑን በአደባባይ እንዲናገር ያልተፈቀደለት ሕዝብ ከ30 ዓመት በኋላም ኀዘኑን ይዞ ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም።

የሆነ ሆኖ ጉድለት ያለበት ስምምነት አያስርም የሚለው አሳብ በቅዱስ መጽሐፍ ፊት ሲቀርብ ይቸገራል። የገባዖን ሰዎች የሻገተ እንጀራና ያረጀ አቁማዳ ይዘው፣ ከሩቅ አገር የመጡ መስለው፣ ኢያሱን አታልለው አስማሉት (ኢያ. 9)። ከዚያ የበለጠ ጉድለት ያለበት ውል የት ይገኛል? ማታለሉ ከተገለጠ በኋላም አለቆቹ መሐላውን አላፈረሱም። ከብዙ ዘመን በኋላ ሳኦል ለሕዝቡ ቀንቶ ገባዖናውያንን ሲገድል፣ ዋጋው በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረሀብ ሆኖ መጣ (2ኛ ሳሙ. 21)። ሳኦል የቀናው ለጠላት አልነበረም፤ ለገዛ ወገኑ ነበር። አገር መውደዱ ግን መሐላ ማፍረሱን አላጸደቀለትም። መንግሥት በዓለም ፊት ቃል ሰጥቷል፤ ቃሉን የሰጠው ያልመረጥነው መንግሥት መሆኑ በታሪክ የምንጽፈው ወቀሳ ነው፤ ቃሉን በጦር ለመሻር ግን ፈቃድ አይሆነንም።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ ሕዝበ ውሳኔን ማክበር ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በእውነት የተፈተነው በወደብ ጉዳይ አልነበረም፤ በሰዎች ላይ ነበር። በዚያ ድምፅ ላይ በኢትዮጵያ የሚኖሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆችም ተሳትፈዋል። ሲመዘገቡ ከቤታቸውና ከሥራቸው እንደሚነቀሉ የነገራቸው የለም። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ግን በሕዝበ ውሳኔው መሳተፋቸው ኢትዮጵያዊ ላለመሆናቸው ማስረጃ ተደርጎ ቀረበባቸው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ድንበር ተወሰዱ፤ ባልና ሚስት ተለያዩ፤ በአንድ ታቦት ሥር የተጠመቁ ልጆች በሁለት አገር ቀሩ። ከኤርትራም ኢትዮጵያውያን ተባረሩ፤ ተንገላቱም፤ ከአሰብ የተነሡትም ወደ ወሎ ተመልሰዋል። የኢትዮጵያ ኤርትራ የይገባኛል ኮሚሽን በ1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ በሕዝበ ውሳኔው ለመሳተፍ የተመዘገቡት ሰዎች የሁለቱም አገር ዜግነት እንደ ነበራቸው፣ ከእነርሱም ከፊሎቹ ዜግነታቸውን ያጡበት መንገድ ዘፈቀዳዊና ሕገ ወጥ እንደ ነበር አስታወቀ። በሌላው ወገን ኤርትራም በኢትዮጵያውያን ላይ ለደረሰው በደል ተጠያቂ ሆናለች።

በመግለጫ ደረጃ ሁለቱም መንግሥታት ሕዝበ ውሳኔውን አክብረዋል። መራጮቹን ግን አላከበሩም። ለእኛ ለክርስቲያኖች ከካርታ ክርክር ይልቅ ይህ ይበልጥ ሊያሳፍረን ይገባ ነበር፤ ምክንያቱም የተነቀሉት ብዙዎቹ አብረውን ያስቀደሱ፣ ጽዋ ማኅበር የጠጡ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ያኔ ስንቶቻችን ተናገርን?

በኤርትራ በኩልም የሚነሣ ጥያቄ አለ። ግንቦት 16 በየዓመቱ በድምቀት ይከበራል፤ ድምፁን የሰጠው ሕዝብ ግን በ1989 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ ሲውል አላየም፤ አገር አቀፍ ምርጫም አላደረገም። ሦስተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ እንጦንዮስ በ1998 ዓ.ም. ከመንበራቸው እንዲነሡ ተደርገው እስከ ዕረፍታቸው የካቲት 2014 ዓ.ም. ድረስ በቁም እስር ቆይተዋል። ይህን የምናነሣው ለመወራረፍ አይደለም፤ በዓሉን ማክበርና ውሳኔውን ማክበር ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆኑ ለማሳየት ነው።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ሰሎሞን ካረፈ በኋላ መንግሥቱ ሲከፈል ሮብዓም ሠራዊት ሰብስቦ ነበር፤ ነቢዩ ሸማያ ግን ወንድሞቹን እንዳይወጋ ከለከለው፤ ሕዝቡም ወደየቤቱ ተመለሰ (1ኛ ነገ. 12)። በዚያው ምዕራፍ ኢዮርብዓም የፖለቲካው ክፍፍል እንዲጸናለት በቤቴልና በዳን የራሱን ጣዖት አቆመ፤ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ እንዳይሰግድ ፈራ። የመንግሥት መለያየት ነቢዩ የተሸከመው ነገር ነበር፤ የአምልኮን መለያየት ግን መጽሐፉ ኀጢአት ይለዋል።

የእኛና የኤርትራ ቤተ ክርስቲያን ነገር ከዚህ አንጻር ሲታይ የሚያጽናና ገጽ አለው። የኤርትራ ቤተ ክርስቲያን ራሷን የቻለች እንድትሆን ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከአቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ ጋር በተደረገው መንገድ ብዙ ምእመናን አዝነዋል፤ ኀዘናቸውም እውነተኛ ነበር። ሆኖም በ1986 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስና ብፁዕ አቡነ ፊልጶስ አዲስ አበባ ላይ ተስማሙ፤ ውግዘት አልተለዋወጡም። እኛም ራሳችን ከእስክንድርያ መንበር ረጅም ድርድር አድርገን በ1951 ዓ.ም. የራሳችንን ፓትርያርክ ለማየት የበቃን ነን፤ ራስን መቻል ክህደት እንዳልሆነ ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። አቡነ ፊልጶስ በሚያዝያ 1990 ዓ.ም. መጨረሻ ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የኤርትራ ፓትርያርክ ሆነው ሲሾሙ፣ በዚያው ሰሞን ባድመ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ነበር። ቅዳሴው ግን አልተለወጠም። ያው ግእዝ፣ ያው የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ ያው ጾምና በዓል ነው። የደብረ ቢዘን ገዳም መሥራች አቡነ ፊልጶስ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ፈለግ የተከተሉ ናቸው፤ የኤዎስጣቴዎሳውያን የሰንበት ክርክርም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሸዋ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ነው እልባት ያገኘው። ከመረብ ማዶ የመጣ ጥያቄ እዚሁ በተጉለት በጉባኤ ሲፈታ የተሸነፈ ወገን አልነበረም።

ድምፅ መስጠት ግን አሸናፊና ተሸናፊ ማውጣቱ አይቀርም። ይህን የሩቅ ጉዳይ አድርገን እንዳናየው ከሚሴ ራሷ ታስተምራለች። በዚህ አስተዳደር ሕዝቡ እጅግ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑ ጥቂት ነው። ጥቂት ወረዳ አልፈው ሲሄዱ ብዙና ጥቂቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በደረሰው ጥፋት ቤቱ የተቃጠለበትና ወገኑን የቀበረ ሰው በሁለቱም ወገን አለ። በየአገሩ ሁሉ የድንበርና የማንነት ጥያቄ በሕዝበ ውሳኔ ይፈታ የሚል ድምፅ በሚሰማበት በዚህ ጊዜ፣ ሊጠየቅ የሚገባው ማን ያሸንፋል የሚለው ብቻ አይደለም። የ1,822ቱ ዕጣ የደረሰው ሰው በማግሥቱ በዚያው መንደር እንዴት ያድራል? ልጁ በዚያው ትምህርት ቤት ይማራል? ሬሳው በዚያው ደብር ይቀበራል?

የአሰብ ጥያቄ በጠረጴዛ ዙሪያ ሊነሣ ይችላል፤ የባሕር በር የሌላቸው አገሮች በጎረቤት አገር በኩል በስምምነት የሚያልፉበትን መብት ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግም ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ድንበሩ ሲከፈት ሁለቱ ወገኖች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ዓለም አይቷል፤ ያ በር የተከፈተው ያለ ጥይት ነበር። በባቲ የሰኞ ገበያ ዛሬም የአፋሩ፣ የኦሮሞውና የአማራው ነጋዴ ይገናኛሉ፤ ከገበያው ወጥቶ ወደ ሚሌ የሚወርደውም መንገድ ያው የድሮው ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።